ፔኮላን ቤቷ ብቻ አላሳበዳትም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲተላለፍ እኔም ዘንድ ደረሰና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተጻፈው ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን የመጀመሪያ ልቦለድ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለታተመው «ዘ ብሉዌስት አይ» ነው። በአማርኛ «እጅግ ሰማያዊው ዓይን» እንደማለት ነው። ጸሐፊው መጽሐፉን ማንበባቸው ያስታውቃል፣ አማርኛቸውም ያማረ ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ሰማያዊ ዓይን የምትመኘውን ፔኮላ የተባለችውን ጥቁር ልጅ ለእብደት የዳረጓት ሰካራም አባቷና ጨካኝ እናቷ እንጂ የዘር ንቀት አይደለም ይላሉ። በመጽሐፉ ውስጥ እጁን የሚያነሣባት አንድም ነጭ እንደሌለ፣ የሚያቆስሏት ሁሉ ጥቁሮች እንደሆኑ ያስታውሱናል። ጎረቤቷ ክላውዲያ እንደ እሷው ጥቁርና ድኻ ሆና ሳለ አለመሰበሯን አንሥተው፣ ጉዳዩ የመንፈስ ጥንካሬ ነው ይላሉ። ጥቁር ልጆች ነጭ አሻንጉሊት መምረጣቸውን ያሳየው የአሻንጉሊቱ ጥናት ያረጀና የተጋነነ ነው፤ እንዲህ ያሉ ልቦለዶችም ልጃገረዶች ራሳቸውን እንዲጠሉ ያስተምራሉ ባይ ናቸው። በመጨረሻም ነገሩ የአሜሪካ ነው፣ በቅኝ ያልተገዛች አገር ልጆች ይህን በሽታ አያውቁትም ብለው ይዘጋሉ።

ለእያንዳንዱ መልስ አለኝ። ሁሉም እኩል ስለማይከብዱ ግን እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

በቤቱ ልጀምር። የፔኮላ ቤተሰብ፣ የብሪድላቭ ቤት፣ ልጅ የሚያድግበት ቤት አለመሆኑን ማንም አይክድም። አባትየው ቾሊ ይጠጣል፣ ከሚስቱ ጋር ይደባደባል፣ በመጨረሻም የገዛ ልጁን ይደፍራል። እናትየው ፖሊን ለልጇ ፊት የላትም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዲህ የሆኑት ከየት መጥተው ነው ለሚለው ጥያቄ ግን ጽሑፋቸው አንድ መስመር እንኳ አልሰጠም። ሞሪሰን ለእናትየውም ለአባትየውም ሙሉ ምዕራፍ የሰጠችው ያንኑ ጥያቄ ለመመለስ ነው።

ቾሊ ያሳደገችው አክስት በተቀበረችበት ዕለት፣ ገና ለጋ ልጅ ሳለ፣ ሁለት ነጭ አዳኞች ጫካ ውስጥ ከአንዲት ልጅ ጋር ያገኙታል። ባትሪ አብርተው፣ ጠመንጃ ይዘው፣ እየሳቁ ያዋርዱታል። ቾሊ ያን ዕለት የጠላው ሰዎቹን አይደለም፤ ልጅቷን ነው። እነሱን ቢጠላ ጥላቻው ራሱን አመድ ያደርገዋል፤ አቅሙ የሚደርሰው እሷ ላይ ብቻ ነው። ሞሪሰን ይህን የጻፈችው ሰውየውን ከኃጢአቱ ልታነጻው አይደለም። በልጁ ላይ ያደረገውን ስትነግረን ለእሱ የምታዝንለትን ያህል ለልጅቷ ታስደነግጠናለች። ያሳየችን አንድ ነገር ነው፤ ወደ ላይ መመለስ ያልቻለ ውርደት ወደ ታች፣ ከሁሉ በታች ወዳለችው ልጅ እንዴት እንደሚወርድ።

ፖሊን ደግሞ ከደቡብ መጥታ በኦሃዮዋ ሎሬይን ከተማ ብቸኝነት ሲበላት ሲኒማ ቤት መዋል ጀመረች። እዚያ ነው ቁንጅና ምን እንደሆነ የተማረችው። የሰውን ፊት ሁሉ ደረጃ ማውጣት የለመደችው እዚያ ነው፤ የደረጃው ሁሉ አናት የመጣው ከመጋረጃው ነው። አንድ ቀን ነፍሰ ጡር ሆና ፀጉሯን እንደ ፊልም ተዋናይቷ ጂን ሃርሎው አበጥራ ፊልም እያየች ከረሜላ ስትነክስ የፊት ጥርሷ ተነቅሎ ወጣ። ከዚያች ቀን በኋላ ፀጉሯን ጠቅልላ አሰረችና አስቀያሚ መሆኗን ተቀበለች። ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ ለተማሪዎቹ እነዚህ ሴቶች ያለ ሕመም እንደ ፈረስ ይወልዳሉ ሲል ሰማችው። ምጡ ሲመጣ ሆን ብላ ጮኸች፤ እንደሚያማት እንዲያውቁ። ይህችን ሴት «ጨካኝ እናት» ብሎ በሁለት ቃል ማለፍ ጸሐፊው እንዳሉት ድፍረት የተሞላበት ንባብ ሳይሆን ምዕራፉን መዝለል ነው።

ጽሑፉ ሊጠቅሰው ሲገባ ያልጠቀሰው ሌላም ትዕይንት አለ፤ እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማልረሳው እሱን ነው። ፖሊን ሐይቁ ዳር ባለ የነጮች ቤት በሠራተኝነት ትውላለች። ፔኮላ ከክላውዲያና ከእህቷ ጋር ኩሽና ገብታ ቆማለች። ለማቀዝቀዝ የተቀመጠውን ትኩስ የፍራፍሬ ፓይ ሳታስበው ትነካውና መሬት ላይ ይፈሳል፤ ትኩሱ እግሯን ያቃጥላታል። እናትየው ሮጣ መጥታ የተቃጠለችውን ልጅ ትመታለች፣ ትሰድባለች፣ ታባርራለች። ከዚያ ዞር ብላ የምታለቅሰውን የአሠሪዎቿን ትንሽ ልጅ አቅፋ ታባብላታለች፤ ሌላ ፓይ እሠራልሻለሁ ትላታለች። ልጅቷ «ፖሊ» ብላ ስሟን እየጠራች እነማን ነበሩ ስትላት፣ ፖሊን ልጄ ናት አትልም። ፔኮላ ግን የገዛ እናቷን የምትጠራት «ወይዘሮ ብሪድላቭ» ብላ ነው። በዚያ ኩሽና አንድም ነጭ ጎልማሳ አልነበረም። ንቀቱን ያደረሰው የእናት እጅ ነው። ጸሐፊው «እናቷ ናት የመታቻት» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ያ እጅ ለማን ለስላሳ መሆንን፣ ለማን መክበድን ከየት ተማረ የሚለውን ግን አልጠየቁም።

ልብ በሉ፤ ልቦለዱ ከዚህ ቤት እንኳ አይጀምርም። የሚጀምረው በአንድ የማንበቢያ መጽሐፍ ነው፤ የአሜሪካ ልጆች ማንበብ በተማሩበት ስለ ዲክና ጄን በሚተርከው። ያማረ ቤት፣ የምትስቅ እናት፣ ጠንካራ አባት፣ ድመት፣ ውሻ። ሞሪሰን ያንኑ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ትደግመዋለች፤ መጀመሪያ በሥርዓቱ፣ ቀጥሎ ያለ ነጥብ፣ ሦስተኛ ቃላቱ ሁሉ ተጣብቀው አንድ ጩኸት እስኪመስሉ። ኋላም ስለ እናት የሚለውን ቁራጭ በፖሊን ታሪክ አናት ላይ፣ ስለ አባት የሚለውን በቾሊ ታሪክ አናት ላይ ታስቀምጠዋለች። የፔኮላ ቤት ከመፍረሱ በፊት የቤት ልክ ወጥቶለት ነበር፤ ልኩን ያወጣውም ትምህርት ቤቱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ ጸሐፊው ትልቅ እውነት አግኝተው የተሳሳተ ቦታ እንዳስቀመጡት ይሰማኛል። እጁን የሚያነሣባት ነጭ የለም፤ አዎ። ግን ንቀት እጅ ማንሣት ያስፈልገዋል ያለው ማነው?

ፔኮላ ሦስት ሳንቲም ይዛ ከረሜላ ልትገዛ ወደ ያኮቦቭስኪ ሱቅ ትሄዳለች። በመንገዷ ላይ ሰው ሁሉ አረም የሚላቸውን ቢጫ አበቦች አይታ፣ ለምን አረም ይሏቸዋል፣ እኮ ያምራሉ ብላ ታስባለች። እነዚያ አበቦች በዚያች ሰዓት የእሷ ናቸው። ሱቅ ትገባለች። ባለሱቁ የ52 ዓመት ነጭ ስደተኛ ነው። አይሰድባትም፣ አያባርራትም። ቀና ብሎ ይመለከታታል፣ ግን አያያትም። ዓይኑ እሷ ላይ ሊያርፍ ሲል በመካከል ይቆማል፤ ሰው አለ ብሎ የሚቀበል ዓይን አይደለም። ሳንቲሙን ከእጇ ሲቀበል እጇን መንካት ይከብደዋል። ዘጠኝ ከረሜላ ሰጥቷት ትወጣለች። ስትመለስ አበቦቹን ታያቸዋለች፤ አስቀያሚ ናቸው፣ አረም ናቸው ትላለች። በመካከል አንዲት ቅጽበት ቁጣ ሽው ይልባታል። ሞሪሰን ቁጣ ይሻል ነበር ትለናለች፤ በቁጣ ውስጥ መኖር አለ፣ ሰው ነኝ ማለት አለ። ቁጣው ግን አይቆይላትም፤ ሐፍረት ተመልሶ ይሞላባታል። ከዚያ ከረሜላውን ትበላለች። መጠቅለያው ላይ ወርቃማ ፀጉርና ሰማያዊ ዓይን ያላት ትንሽ ነጭ ልጅ አለች፤ ፔኮላ ከረሜላውን ስትበላ ዓይኖቹን የበላች ይመስላታል።

ይህ ትዕይንት ከሱቅ መግቢያ እስከ መውጫ ያለች ጥቂት ደቂቃ ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ግን አበባ የምታይበትን ዓይን አጥታ ወጣች። ሰማያዊ ዓይን መመኘቷን አንዳንድ አንባቢ የጌጥ ምኞት አድርጎ ያነበዋል፤ ጸሐፊውም «የልጅ ቅዠት» ብለውታል። እኔ እንደማየው ፔኮላ ዓይን የለመነችው ለመታየት ነው። ሌላ ዓይን ቢኖረኝ እናትና አባቴ እንኳ በእነዚህ ዓይኖች ፊት ክፉ ነገር አያደርጉም ነበር ብላ የምታስብ ልጅ ናት።

ጥቁሮቹ ያቆሰሏትን በተመለከተ፣ አዎ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከበው በጥቁረቷ የሚዘፍኑባት ወንዶች ራሳቸው ጥቁሮች ናቸው። ሞሪሰን ግን ያንን ሳትደብቅ ትናገረዋለች፤ ስድቡን ስለት የሰጠው ለራሳቸው ቆዳ ያላቸው ንቀት ነው ትላለች። ፈካ ያለ ቆዳ ያላት ሞሪን ፒል መንገድ ተሻግራ «እኔ ቆንጆ ነኝ፣ እናንተ አስቀያሚ» ብላ ስትጮህ፣ ክላውዲያ የተረዳችው ሞሪን ጠላቷ አለመሆኗን ነው። የሚያስፈራው ሞሪንን ቆንጆ እነሱን አስቀያሚ ያደረገው፣ ስም የሌለው ያ ነገር ነው። ጄራልዲን የተባለችው ንጹሕ ቤት ያላት ጥቁር ሴት ፔኮላን ከቤቷ ስታባርራት፣ ያባረረችው ሸሽታ ያመለጠችውን የራሷን ጥላ ነው። አንድ ሰው የሌላ አገር ገንዘብ ይዞ ቢገበያይ ገንዘቡን ያተመው እሱ ነው አይባልም።

ሦስተኛው ነጥብ ክላውዲያ ናት፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፣ እሱንም ሳልሸራርፍ ልመን። ክላውዲያም ያደገችው በዚያው ከተማ፣ በዚያው ድኽነት፣ በዚያው ሕፃኗ ነጭ የፊልም ኮከብ ሸርሊ ቴምፕል በምትወደድበት ዘመን ነው። ለገና ሰማያዊ ዓይን ያላት አሻንጉሊት ሲሰጧት ሰው የሚወድደው ምኗን እንደሆነ ለማየት ገነጣጠለቻት። ጠይቋት የሚያውቅ ሰው ቢኖር አሻንጉሊት አልፈልግም ትል ነበር፤ የምትፈልገው በአያቷ ኩሽና በዝቅተኛው በርጩማ ተቀምጣ፣ አበባ ጭኗ ላይ ሞልቶ፣ አያቷ ለእሷ ብቻ ቫዮሊን ሲጫወቱ መስማት ነበር። ይህ ጥንካሬ ነው፤ አልክድም።

ግን ጥንካሬው ከየት መጣ? ክላውዲያ ክረምት መግቢያ ላይ ታማ ስትተኛ እናቷ ትቆጣለች፣ ትነጫነጫለች፣ በሌሊት ግን ተነሥታ ደረቷን በቅባት ታሻታለች፣ ብርድ ልብሷን ታስተካክላለች። ትልቅ ሰው ሆና ያን ወቅት ስታስታውስ የሚመጣላት እንድትሞት የማይፈልግ ሰው እጅ ነው። እህቷን ፍሪዳን ተከራዩ ሲነካት አባታቸው ሰውየውን ደብድቦ በጥይት አባረረው። ፔኮላ የደረሰባትን ለእናቷ ስትናገር አላመነቻትም። ሁለቱን ልጆች የለያቸው አከርካሪያቸው አይደለም፤ ከኋላቸው የቆመ ሰው መኖርና አለመኖር ነው። ጸሐፊው «ክላውዲያ ጠንካራ ስለነበረች» ሲሉ የእናቲቱን ሌሊት ለልጅቷ ያወርሷታል። ለፔኮላ ደግሞ ያላገኘችውን ነገር እንደ ድክመት ይቆጥሩባታል። ይህን ሳነብ ነው የተቆጣሁት።

ደግሞስ ክላውዲያ ሳትሰበር አደገች ያለው ማነው? ራሷ አላለችም። ጥላቻዋ አሳፈራትና ሸርሊ ቴምፕልን መውደድ ተማረች፤ ፍቅሩ የውሸት እንደነበር፣ ለውጡም መላመድ እንጂ መሻሻል እንዳልነበር ትናገራለች። በመጨረሻው ገጽ ላይም ከፔኮላ ጎን አትቆምም። ቆሻሻችንን ሁሉ እሷ ላይ ደፋን፣ በእሷ አስቀያሚነት ላይ ቆመን ቆንጆ መሰልን ብላ በራሷና በከተማዋ ላይ ትመሰክራለች። ሞሪሰን ኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 በጻፈችው ማስታወሻ አንባቢው ለፔኮላ በማዘን ተመችቶት እንዳይቀመጥ፣ ለመሰባበሯ እኔም እጄ አለበት ወይ ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ እንዳይቀር ስጋቷን ገልጻለች። ፔኮላን ለቤቷ ብቻ ትቶ መሄድ ያንን ስጋት በተግባር ማሳየት ነው። ክላውዲያና ፍሪዳ የዘሩት አበባ አልበቅል ሲል መጀመሪያ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወስደው ነበር፤ ዘሩን በጣም ጥልቅ ቀብሬው ነው ብላ ክላውዲያ ዓመታት ታመመችበት። ኋላ ግን ያን ዓመት የመላው አገር አፈር ለእነዚያ አበቦች ጠላት እንደነበረ ገባት።

ስለ አሻንጉሊቱ ጥናት ብዙ አልልም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ባልና ሚስት ኬኔትና ማሚ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ 253 ጥቁር ልጆች ቡናማና ነጭ አሻንጉሊቶች አቅርበው ጠየቋቸው፤ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መጫወት የመረጡት በነጩ ነበር። ጥናቱ ጉድለት አለበት፤ በሰሜን ከነጮች ጋር የሚማሩት ልጆች ከደቡቦቹ ይልቅ ወደ ነጩ አሻንጉሊት ማዘንበላቸው ለፍርድ ቤቱ ክርክር እንኳ የሚመች አልነበረም። ነገር ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለያየትን በሻረበት ውሳኔ ግርጌ የክላርክ ሥራ የተጠቀሰው በከንቱ አይደለም። ቁጥሩን ተዉትና፣ አንተን የሚመስለው የትኛው ነው ሲባሉ አልቅሰው ከክፍል የወጡ ልጆች ነበሩ። የቁጥር ጉድለት እንባቸውን አይሽርም።

አምስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ እናቶችን የሚያሳስብ ነው። ጸሐፊው «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው፣ ልጃገረድ ስለ ጀግኖች ሴቶች ታንብብ እንጂ ስለ ተሰበሩ ልጆች አታንብብ ይላሉ። በአንድ ነገር እስማማለሁ፤ «ዘ ብሉዌስት አይ» የትንሽ ልጅ መጽሐፍ አይደለም። እኔ ለሰባት ዓመት ልጅ አልሰጥም። ለእናቷ እሰጣለሁ።

መጽሐፉ ቁስሉን ፈጠረ ማለት ግን ዘመኑን ገልብጦ ማንበብ ነው። ሞሪሰን ልቦለዱን የጻፈችው በልጅነቷ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሰማያዊ ዓይን እንደምትመኝ ስለነገረቻት ነው፤ ዘንዶው አስቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። ከእሷ በፊት እ.ኤ.አ. በ1937 ጥቁሯ ደራሲ ዞራ ኒል ኸርስተን በልቦለዷ የስድስት ዓመት ልጅ የሆነችውን ጄኒን ከነጭ ልጆች ጋር የተነሣችውን ፎቶ ስታይ አሳየችን። ጄኒ ራሷን ፈልጋ አጣች፤ እኔስ የት አለሁ ብላ ጠየቀች። ያቺ ጥቁሯ አንቺ ነሽ ሲሏት ሁሉም ሳቁ። እስከዚያች ቀን ራሷን እንደ ሌሎቹ አድርጋ ታውቅ ነበር። ባለቅኔዋ ግዌንዶሊን ብሩክስም እ.ኤ.አ. በ1953 «ሞድ ማርታ» በተባለው ልቦለዷ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ትልቅ ሱቅ ውስጥ በገና አባት ፊት ስትቆም ጻፈች። ሰውየው ለነጮቹ ልጆች ሳቅና ጨዋታ አለው፤ የእሷ ተራ ሲደርስ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ልጅቷ የገና አባት ለምን አልወደደኝም ብላ እናቷን ትጠይቃለች። እናትየው በውስጧ ቁጣ እየነደደ፣ ወዶሻል እንጂ ብላ ትዋሻለች። ይህን የምታነብ እናት ራሷን መጥላት አትማርም፤ ምን ብዬ እመልስ ነበር ብላ ታስባለች፣ ያም ትልቅ ነገር ነው።

ጀግኖች ይነበቡ ለተባለውስ፣ የትኞቹ? አሜሪካዊቷ የትምህርት ባለሙያ ናንሲ ላሪክ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ታትመው ከነበሩ 5,206 የልጆች መጻሕፍት ጥቁር ሰው የሚታይባቸው 6.7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ቆጥራ አሳየች። ጽሑፏ የተጀመረው አንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ መጽሐፍ እያየች ለምንድን ነው ሁልጊዜ ነጭ ልጆች ብቻ የሆኑት ብላ በመጠየቋ ነው። ዛሬ የተሻለ ነው፤ ደስ ይለኛል። የተሻለው ግን አንድ ሰው ጎርጉሮ ስለጮኸ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የእኛ ነው፤ ረጋ ብዬ ልናገረው እፈልጋለሁ። ጸሐፊው ዓድዋን ጠቅሰው፣ በመኃልየ መኃልይ ያለውንም «ጥቁር ነኝ፥ ነገር ግን ውብ ነኝ» የሚለውን ቃል አስረጅ አድርገው፣ የኢትዮጵያ ልጅ ይህ ሕመም የለባትም ይላሉ። ዓድዋ በልጆቻችን ደም ውስጥ ያለ ኩራት ነው፤ አልነካውም። ጥቅሱን ግን ደግመው ያንብቡልኝ። «ነገር ግን» የሚለው ቃል እዚያ ምን ይሠራል? የዕብራይስጡ አያያዥ «እና» ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ በአማርኛችን ግን ውበቱ ጥቁረቱን እንደማካካሻ ሆኖ ገባ። ይህን የማነሣው ተርጓሚዎቹን ለመውቀስ አይደለም። እኛም በየቤታችን ያቺኑ «ነገር ግን» ስለምንናገራት ነው።

ሕፃን ሲወለድ ጆሮውን አይተው ይጠቁራል አይጠቁርም የሚሉ ሴቶች መካከል ነው ያደግሁት። «ቀይ ናት» ማለት ቆንጆ ናት ማለት ነበር። ዘፈኖቻችን ጠይሟን ሲያወድሱ ኖረዋል፣ እውነት ነው፤ ግን «ጥቁር አይደለችም፣ ጠይም ናት» ተብሎ ሰው ሲታረም ሰምታችሁ አታውቁም? ሉጫ ፀጉር ይመረቅበታል፣ ከርዳዳ ፀጉር ይታዘንበታል። በሰፈራችን ቆዳዋ ጠቆር ያለች ልጅ የምትሰደብባቸው ሁለት ቃላት ነበሩ፤ «ሻንቅላ» እና «ባሪያ»። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉን ግን እኔ በልጅነቴ ከልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ። ይህ ከአሜሪካ የመጣ አይደለም። ጥንተ ታሪኩም ሌላ ነው፤ የእኛን የአሜሪካ ጥላ አድርጎ መሳል ስሕተት ይሆናል። በልጅቷ ልብ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ግን አንድ ነው። ልጆቻችን አሜሪካ ሲመጡ ደግሞ ሁለቱ ይገናኛሉ። የትምህርት ቤቱ ግቢ ዓድዋን አይጠይቅም፤ ቆዳ ያያል፣ ፀጉር ያያል።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የተወለደችው እዚህ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የእናቴን ነጠላ አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ሳሎን ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትል እናቴ አየቻት። እናቴ ደስ አላት። «እሰይ የኔ እናት! ቤተ ክርስቲያን ልትሳለሚ ነው?» አለቻት። ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ነጠላው ከትከሻዋ ወርዶ ጀርባዋ ላይ ተወዛወዘ። «አይደለም እቴቴ፣ ፀጉሬ ነው። እይው፣ ይወርዳል» አለች።

እናቴ ለጊዜው ምንም አላለችም። ነጠላውን ቀስ ብላ አንሥታ አጠፈችው። ከኩሽና ቅቤ አምጥታ ልጅቷን እግሮቿ መካከል አስቀመጠቻት፤ በእጇ አለዝባ ፀጉሯን ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀባቻት፣ እየፈተለች አበጠረቻት፣ ሹሩባ ጀመረችላት። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች፤ ደስ ብሏታል። ሹሩባው ሲያልቅ መስታወት አምጥቼ አሳየኋት። ፊቷን አየች፣ ሹሩባውን በጣቷ ዳሰሰች፣ ጣቷን አሸተተች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ በእንግሊዝኛ፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነገ ሰኞ ነው፣ ትምህርት ቤት ሳልሄድ ይታጠብልኝ አለችኝ።